ከሽቦ መኪና ወደ ልኬት ሞዴል፡- የጥንት የውድድር መኪኖችን አምሳያ በእጅ የመሥራት ሙያ

በአብዛኞቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ሕፃናት ከሽቦ፣ ከዘይት ቆርቆሮና ከጠርሙስ ቆርኪ መኪና ሠርተው በረጅም ሽቦ እየመሩ ሲጫወቱ ማየት የተለመደ ነው፡፡ የምሥራቁ የንግድ መስመር በሚያልፍባቸው በጅጅጋና በቶጎ ውጫሌም መኪና የዕለት ተዕለት ኑሮ አካል በመሆኑ የልጆች የእጅ ሥራ መነሻ የሚሆነው በጎዳናው ላይ የሚታየው ተሽከርካሪ ነው፡፡

ይህ የልጅነት ሥራ በሌላው ዓለም በአዋቂዎች እጅ አድጎ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል፡፡ የጥንት የውድድር መኪኖችን እያንዳንዱን ክፍል በእኩል ምጣኔ አሳንሶ በእጅ መሥራት ለሙዚየሞች፣ ለመኪና አምራቾችና ለሰብሳቢዎች የሚቀርብ የጥበብ ውጤት የሚገኝበት መስክ ነው፡፡

ሙያው ለጅጅጋና ለአካባቢው ከተሞች የሚታሰበውን ያህል ሩቅ አይደለም፡፡ በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የመኪና ውድድር አራት ጊዜ ያሸነፈው ፔጆ 404፣ ከጅጅጋ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሐረር ለበርካታ አሥርት ዓመታት በታክሲነት ሲያገለግል ኖሯል፡፡ ይሁን እንጂ መኪኖቹ እያረጁ ከአገልግሎት በመውጣት ላይ ስለሚገኙ፣ ልካቸውን ከራሳቸው ላይ ለመውሰድ ያለው ጊዜ እያጠረ መጥቷል፡፡

ሞዴል ከመጫወቻ የሚለየው በልኬት ነው

የሽቦ መኪና የሚሠራው በዓይን ግምት ነው፡፡ ልጁ የመኪናውን ጠባይ ለይቶ ያውቃል፤ ነገር ግን ጎማው ከአካሉ፣ መስኮቱም ከበሩ ጋር ያላቸው ምጣኔ እንደተገኘው ቁሳቁስ ይለያያል፡፡ በልኬት ሞዴል ግን አንድ ቁጥር ይወሰንና ሁሉም ክፍል በዚያው ቁጥር ተካፍሎ ይሠራል፡፡ ይህም በካርታ ላይ ከሚታየው መስፈርት ጋር አንድ ነው፡፡

በመኪና ሞዴል ሥራ በስፋት የሚታወቁት መስፈርቶች 1 ለ43፣ 1 ለ24፣ 1 ለ18፣ 1 ለ12 እና 1 ለ8 ናቸው፡፡ ለምሳሌ ፔጆ 404 ርዝመቱ 4 ሜትር ከ45 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ከፊት ጎማ ማዕከል እስከ ኋላ ጎማ ማዕከል ያለው ርቀት ደግሞ 2 ሜትር ከ65 ሳንቲ ሜትር ነው፡፡ መኪናው በ1 ለ43 ሲሠራ ርዝመቱ ከ10 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፡፡ በ1 ለ24 18 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ፣ በ1 ለ18 ደግሞ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፡፡

የ1 ለ43 መስፈርት አመጣጥ ከባቡር ሞዴል ጋር የተያያዘ ነው፡፡ በእንግሊዝ በአንድ የተወሰነ የባቡር ሞዴል መጠን አንድ ጫማ በ7 ሚሊ ሜትር ይወከል ስለነበር ምጣኔው ወደ 1 ለ43 ከግማሽ ይጠጋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለእነዚህ ባቡሮች አጃቢ ሆነው መሠራት የጀመሩት ትናንሽ የብረት መኪኖች መጠኑን ወርሰው ቆይተዋል፡፡ ነባሩ የኢትዮ-ጅቡቲ የባቡር ሐዲድ በደወሌ፣ በአይሻ፣ በአዲጋላና በሽንሌ በሚያልፍበት በሰሜናዊው የሶማሌ ክልል የባቡርና የመኪና ዝምድና በቋንቋም ይታያል፡፡ በአማርኛ “ባቡር” በሐዲድ ላይ የሚሄደው ሲሆን በሶማሊኛ ይኸው ቃል መኪናን ያመለክታል፡፡

ጅጅጋ ራሷም በልኬት የተቀየሰች ከተማ ናት፡፡ በ1909 ዓ.ም. አካባቢ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አካባቢውን ሲያስተዳድሩ የከተማዋ መንገዶች በቀጥታ እየተቋረጡ እንዲሄዱ ተደርጎ ፕላኗ ወጥቷል፡፡ የከተማ ፕላን መሬትን በወረቀት ላይ በመስፈርት አሳንሶ ማስቀመጥ በመሆኑ፣ የሞዴል ሠሪው ሥራም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም፡፡

የሙያው ዕድገት በሌሎች አገሮች

የጥንት የውድድር መኪኖች ሞዴል ሥራ ስሙ ከገነነባቸው ቦታዎች አንዱ የጣሊያኗ ቶሪኖ ከተማ ናት፡፡ በዚያ የተቋቋመው ፖከር የተባለ ድርጅት ሥራውን የጀመረው በባቡር ሞዴል ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ግን በ1 ለ8 መስፈርት የሚገጣጠሙ የመኪና ሞዴሎችን ማቅረብ ጀመረ፡፡ ከነዚህም መካከል እ.ኤ.አ. በ1907 ፌሊቼ ናዛሮ የፈረንሳይን ግራንድ ፕሪ ያሸነፈበት ፊያት 130 የፈረስ ጉልበትና እ.ኤ.አ. የ1931 አልፋ ሮሜዮ 8ሲ 2300 ሞንዛ ይገኙበታል፡፡ እያንዳንዱ ሞዴል በርካታ መቶ ጥቃቅን ክፍሎች የነበሩት ሲሆን፣ የአንዳንዶቹ የቸርኬ ሽቦዎች ሳይቀሩ አንድ በአንድ በእጅ የሚገጠሙ ነበሩ፡፡

በዚያው ከተማ ሚኬሌ ኮንቲ የተባሉ ባለሙያ የፌራሪንና የሌሎች የጣሊያን መኪኖችን ሞዴሎች ከብረት በእጅ እየቀጠቀጡ በመሥራት ይታወቃሉ፡፡ በእንግሊዝ ደግሞ ጄራልድ ዊንግሮቭ የጥንት መኪኖችን ከነሐስ፣ ከመዳብና ከሌሎች ቁሳቁሶች እየሠሩ ለሰብሳቢዎች ያቀረቡ ሲሆን፣ የአሠራር ዘዴውን የሚያስተምር መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1978 አሳትመዋል፡፡

ከነዚህ ባለሙያዎች ልምድ መረዳት የሚቻለው የሞዴል ሠሪው ትልቁ ሀብት ውድ መሣሪያ አለመሆኑን ነው፡፡ ሥራው የሚቆመው በትክክለኛ ልኬት፣ በትዕግሥትና ዋናውን መኪና ቀርቦ በማጥናት ላይ ነው፡፡ ዋናው መኪና በሌለበት ሠሪው በፎቶግራፍና በሰነድ ብቻ ለመመራት ይገደዳል፡፡

ፔጆ 404 ለምን?

የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረ የመኪና ውድድር ሲሆን በኬንያ፣ በኡጋንዳና በያኔዋ ታንጋኒካ መንገዶች ላይ ይካሄድ ነበር፡፡ ውድድሩ የሚካሄደው በዝናብ ወራት መግቢያ በፋሲካ ሰሞን በመሆኑ፣ አቧራና ጭቃ እየተፈራረቁ መኪኖቹን ይፈትኑ ነበር፡፡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስሙን ያስጠራው ቮልስዋገን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957 እና በ1962 አሸንፏል፡፡

ከዚያ በኋላ የፔጆ 404 ዘመን መጣ፡፡ መኪናው በጣሊያኑ የንድፍ ድርጅት በፒኒንፋሪና ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ የቀረበ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1963 ኒክ ኖዊኪና ፓዲ ክሊፍ በ404 ሲያሸንፉ፣ ከተነሱት 84 መኪኖች መካከል ወደ ፍጻሜው የደረሱት 7 ብቻ ነበሩ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1966 እና በ1967 በርት ሻንክላንድና ክሪስ ሮዝዌል በዚሁ መኪና ድሉን ደገሙት፡፡ እ.ኤ.አ. በ1968 ኖዊኪና ክሊፍ እንደገና ሲያሸንፉም ውድድሩን ከጀመሩት ከ90 በላይ መኪኖች የጨረሱት 7 ብቻ ነበሩ፡፡

እንግዲህ በሐረር ጠባብ መንገዶች ላይ ሰው ሲያመላልስ የኖረው ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ከነዚህ ተወዳዳሪዎች ጋር የአንድ ቤተሰብ አባል ነው፡፡ በከተማዋ ባለሦስት እግር ባጃጅ ከተስፋፋ ወዲህ የ404 ቁጥር እየተመናመነ ሄዷል፡፡ መለዋወጫ ማግኘት አስቸጋሪ በመሆኑም አንዱ መኪና ሌላውን ለማቆየት ይፈታል፡፡ በዚህ ሁኔታ እያንዳንዱ መኪና ከመጀመሪያው መልኩ እየራቀ ስለሚሄድ፣ ሠሪው ከአንድ በላይ መኪና ለክቶ ማመሳከር ይኖርበታል፡፡

ሠሪው ሊያስተውላቸው የሚገቡ ልዩነቶች

የሐረር ታክሲ የሳፋሪ ተወዳዳሪ ሞዴል ለመሥራት ጥሩ መነሻ ቢሆንም በቀጥታ የሚገለበጥ አይደለም፡፡ የመጀመሪያው ልዩነት መሪው ነው፡፡ በኢትዮጵያ ተሽከርካሪ የሚጓዘው በመንገዱ ቀኝ በኩል በመሆኑ መሪው በግራ ነው፡፡ ውድድሩ ይካሄድባቸው በነበሩት የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ግን ጉዞው በግራ በመሆኑ የአካባቢው መኪኖች መሪ በቀኝ ይገኛል፡፡ በመሆኑም መሪውን፣ ፔዳሎቹንና የመሣሪያ ሰሌዳውን ወደ ትክክለኛው ጎን ማዛወር ያስፈልጋል፡፡ በቀኝ መሪ የተሠሩ መኪኖች ከድንበሩ ማዶ በብዛት ስለሚነዱ ይህ ልዩነት ለቶጎ ውጫሌ ነዋሪ እንግዳ አይሆንም፡፡

ሁለተኛው ልዩነት ሞተሩ ነው፡፡ 404 አራት ሲሊንደር ያለው 1 ሺህ 618 ሲ.ሲ. ሞተር የተገጠመለት ሲሆን፣ ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ሞተሩ 45 ዲግሪ ወደ ጎን ተጋድሞ ተቀምጧል፡፡ ኮፈኑ የሚከፈት ሞዴል የሚሠራ ሰው ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ካቆመው ሥራው ገና ከመጀመሪያው ይበላሻል፡፡ መኪናው በካርቡሬተርም በኢንጀክሽንም የተመረተ በመሆኑ፣ የሚሠራው ሞዴል የየትኛው ዓመት መኪና እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል፡፡

ሦስተኛው ለውድድር የሚጨመረው ዕቃ ነው፡፡ ተጨማሪ የፊት መብራቶች፣ ከሞተሩ ሥር የሚታሰር መከላከያ ላሜራ፣ የጭቃ መከላከያ ጎማዎችና በበሮቹ ላይ የሚጻፈው ቁጥር በዘመኑ ከተነሱ ፎቶግራፎች እየተመሳከሩ መሠራት ያለባቸው ናቸው፡፡

ልኬት አወሳሰድ

ለጀማሪ የሚመረጠው መስፈርት 1 ለ10 ነው፡፡ ይህ መስፈርት በገበያ እንደሌሎቹ የተለመደ ባይሆንም በመኪናው ላይ 1 ሳንቲ ሜትር የሆነው ሁሉ በሞዴሉ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን የሒሳብ ስህተትን ይቀንሳል፡፡ በዚህ መሠረት የ404 ሞዴል 44 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ይረዝማል፡፡ የጎማዎቹ ማዕከላት ርቀትም 26 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ይሆናል፡፡

ልኬቱ ሲወሰድ መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቆማል፡፡ ከጣሪያው፣ ከመስኮቱ ማዕዘንና ከፓራፋንጎው ጠርዝ ቱንቢ እየተጣለ ነጥቡ በመሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል፡፡ መኪናው ሲነሳ ከላይ ሲታይ የሚኖረው ቅርጽ መሬቱ ላይ ይቀራል፡፡ ከፍታዎቹ ደግሞ በቆመ ሜትር ይለካሉ፡፡ የአካሉ ጉብጠት በካርቶን ላይ እየተሞከረ እስኪገጥም ድረስ በመቀስ ይስተካከላል፡፡

ፎቶግራፍ የሚነሣው ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱም ጎን በትክክል ፊት ለፊት ሆኖ፣ በተቻለ መጠን ከሩቅ መሆን አለበት፡፡ ከቅርብ የተነሣ ፎቶግራፍ ወደ ካሜራው የቀረበውን ክፍል ስለሚያገዝፍ ምጣኔውን ያዛባል፡፡ ከጎን በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የጎማዎቹ ማዕከላት ርቀት 53 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ እውነተኛው ርቀት 2 ሺህ 650 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ በፎቶግራፉ ላይ ያለው እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር በመኪናው ላይ 50 ሚሊ ሜትር ነው፡፡ በዚህ ስሌት በእጅ ሳይለካ የቀረ ክፍልን መጠን ማወቅ ይቻላል፡፡

ቁሳቁስና አሠራር

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ቁሳቁስ አብዛኛው በጅጅጋ ገበያና ጋራዦች የሚገኝ ነው፡፡ መሣሪያዎቹም ካሊፐር፣ ስኳድራ፣ የቆርቆሮ መቀስ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ጥቃቅን ሞረዶችና ብርጭቆ ወረቀት ናቸው፡፡

በመጀመሪያ የአካሉ ቅርጽ ከእንጨት ይቀረጻል፡፡ ዋንዛ ለመቅረጽ የማያስቸግር በመሆኑ ለዚህ ይስማማል፡፡ በካርቶን የተወሰደው የጉብጠት ልክ በእንጨቱ ላይ እየተደረገ በሞረድ ይስተካከላል፡፡ ቀጥሎም ላሜራው በእንጨቱ ላይ እየተለበጠ ቀስ በቀስ ይቀጠቀጣል፤ ይህ በጋራዥ ውስጥ ባትላሜራ ባለሙያ ከሚሠራው የተለየ አይደለም፡፡ የአንድ የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ግድግዳ ውፍረት ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፡፡ ይህም በ1 ለ10 መስፈርት 1 ሚሊ ሜትር ማለት በመሆኑ ከእውነተኛው የመኪና ላሜራ ውፍረት ብዙም አይርቅም፡፡ ጠንከር ያለ ክፍል ሲፈለግ የዘይት ቆርቆሮ ይመረጣል፡፡

ቸርኬው በቶርኖ ከአሉሚኒየም ወይም ከጠንካራ እንጨት ይወጣል፡፡ ቶርኖ በሌለበት በመሰርሰሪያ ላይ ታስሮ እየዞረ በሞረድ ሊቀረጽ ይችላል፡፡ ጎማው ከአሮጌ ካላማዳሪያ ተቆርጦ ይደራረባል፡፡ የመስኮት መስታወት በተለምዶ ሃይላንድ ከሚባለው የውሃ ፕላስቲክ በሙቀት እየተስተካከለ ይቆረጣል፡፡ ፓራውልቱና የመስኮት ጠርዞቹ ደግሞ የጣሳው ብርማ ክፍል ተወልውሎ ይሠራባቸዋል፡፡

ለቀለሙ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፡፡ በሞዴል ላይ የሚደረብ ወፍራም ቀለም የበሮቹን መገጣጠሚያ መስመሮች ይሞላቸዋል፡፡ ስለዚህ ስቱኮው በጣም ስስ ሆኖ ከተቀባና በብርጭቆ ወረቀት ከተስተካከለ በኋላ ቀለሙ በቀጫጭኑ ብዙ ጊዜ ይረጫል፡፡ ነፋስና አቧራ በሚበዛበት አካባቢ ይህ ሥራ ነፋሱ ሳይነሳ በማለዳ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቢከናወን ይመረጣል፡፡

ከላይ የተጠቀሱት ስሞች ሙያው በኢትዮጵያ ምን ያህል ሥር እንዳለው ያሳያሉ፡፡ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ፓራውልት፣ ቸርኬ፣ ካላማዳሪያና ባትላሜራ ከጣሊያንኛ መጥተው በኢትዮጵያ ጋራዦች የተለመዱ ቃላት ናቸው፡፡ ከመምህር ወደ ተለማማጅ ሲተላለፉ የቆዩትም በቃል እንጂ በጽሑፍ አልነበረም፡፡

የእጅ ሥራና የተሰጠው ግምት

የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ሲሆን ያመጣትም እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ነበር፡፡ በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ የእጅ ባለሙያዎችን በሥራቸው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፡፡ አዋጁ ያስፈለገው ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ ሕዝቡ በሚገለገልበት ሥራቸው ይናቁ ስለነበር ነው፡፡ በሶማሌ ማኅበረሰብም ብረት የሚሠሩ ወገኖች ለረጅም ጊዜ ከሌላው ሕዝብ ዝቅ ተደርገው ሲታዩ ኖረዋል፡፡

ይህ አመለካከት ዛሬ በሕግ ቦታ የለውም፡፡ ይሁን እንጂ የእጅ ሥራን ትምህርት ያልሆነለት ሰው የሚሰማራበት አድርጎ የማየት ልማድ ፈጽሞ አልጠፋም፡፡ ልጁ የሠራው የሽቦ መኪና “ጨዋታ ነው” ተብሎ የሚጣለውም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው፡፡ ሞዴል ሥራ መለካትን፣ ማስላትን፣ ንድፍ ማንበብንና ቁሳቁስን ማወቅን በአንድነት የሚጠይቅ በመሆኑ ይህን ግምት ለማረም ያስችላል፡፡ በሞዴሉ ላይ የሚፈጸም የግማሽ ሚሊ ሜትር ስህተት በዓይን ስለሚታይም፣ ተማሪው ጥራትን ከሌላ ሰው ቃል ሳይሆን ከገዛ ሥራው ይማራል፡፡

ለሥልጠናና ለቅርስ ያለው ጥቅም

በጅጅጋና በድሬዳዋ የሚገኙ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማት የብረታ ብረትና የአውቶሞቲቭ ሠልጣኞች እንዲህ ያለውን ሥራ በመለማመጃነት ቢጠቀሙበት ወጪው አነስተኛ ነው፡፡ አንድ ሞዴል ለመሥራት የሚያስፈልገው ላሜራ ከጋራዥ ቁርጥራጭ ይገኛል፡፡ በሥራው ውስጥ ግን ልኬት፣ ንድፍ፣ ቅጥቀጣ፣ ቶርኖ፣ ብየዳና ቀለም ቅብ በቅደም ተከተል ይካተታሉ፡፡ በድሬዳዋ የሚገኘው የነባሩ ምድር ባቡር ጥገና ቤት ብረትን በልኬት የመሥራት ሙያ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ረጅም ታሪክ እንዳለው ያስረዳል፡፡

ለባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቶችም ጉዳዩ የራሱ ትርጉም አለው፡፡ የሐረር 404 ታክሲዎች የከተማዋ መለያ ለመሆን የበቁ ቢሆንም፣ ያረጀ መኪና ሁሉ በሙዚየም ሊቀመጥ አይችልም፡፡ በትክክለኛ ልኬት የተሠራ ሞዴል ግን በአንድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ የሥራ ንድፉም ለቀጣዩ ሠሪ ይተላለፋል፡፡ ለጎብኚ የሚሸጥ የእጅ ሥራ ውጤት ሆኖ ሲቀርብ ደግሞ በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ለተደራጁ ወጣቶች የገቢ ምንጭ ሊሆን ይችላል፡፡

ይህ እንዲሆን ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው ሞዴሉ ሳይሆን ሰነዱ ነው፡፡ አሁንም በሥራ ላይ ካሉት መኪኖች መካከል ከመጀመሪያው መልካቸው ብዙም ያልራቁት ተለይተው፣ በባለቤቶቻቸው ፈቃድ ሊለኩና ፎቶግራፍ ሊነሡ ይገባል፡፡ ሰነዱ የመኪናውን ከአራት አቅጣጫ የተነሣ ፎቶግራፍ፣ የውጭና የውስጥ ልኬቶችን፣ የሞተሩን ዓይነት፣ የቀለሙን ቅደም ተከተልና በጥገና የተለወጡትን ክፍሎች ዝርዝር መያዝ ይኖርበታል፡፡ ከሐረር አሽከርካሪዎችና መካኒኮች የሚገኘው የቃል መረጃም ከልኬቱ ጋር አብሮ ሊመዘገብ ይገባል፡፡ ከጅጅጋ በካራማራና በባቢሌ አድርጎ ሐረር ደርሶ ለመመለስ አንድ ቀን የሚበቃ በመሆኑ፣ አንድ የሠልጣኞች ቡድን ሜትር፣ ቱንቢና ካሜራ ይዞ ይህን ሥራ ሊጀምረው ይችላል፡፡